ረጅሙ ሳቢ

በዚያ ፑል ቤት ነጯን ኳስ ከጠረጴዛው ጫፍ እስከ ጫፍ ሰድዶ፣ ሌላዋን ኳስ ቀዳዳ ካስገባ በኋላ፣ ነጯ ስሟን እንደጠሯት ሁሉ ተመልሳ እጁ ሥር እንድትቆም ማድረግ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ መስታወት ቆራጩ።

አመታቱን «ሳቢ» ይሉታል። ስሙን ማን እንዳወጣው የሚያስታውስ የለም። አጭሩን ሳቢ ማንም ይመታዋል፤ ሁለቱ ኳሶች ተጠጋግተው ከቆሙ ነጯን ከሥሯ መታ ማድረግ ነው፣ ትመለሳለች። ረጅሙ ግን ሌላ ጉድ ነው። ከሥሯ የተመታች ነጭ ወደ ፊት እየሄደች ወደ ኋላ ትሽከረከራለች፤ ጨርቁ ደግሞ መንገዱን ሙሉ ያንን ሽክርክሪት ይልጥባታል። መንገዱ ከረዘመ ሽክርክሪቱ ያልቅና ያቺኛዋ ኳስ ዘንድ ባዶ እጇን ትደርሳለች። ከዚያ ወይ እዚያው ቀጥ ትላለች፣ ወይ ተከትላ ትሄዳለች፤ የምትመለስ ግን አይደለችም።

የቤቱ ሰው ሁሉ ይህን አመታት ሲሞክር ኖሯል። ስሙ ሳቢ ነውና ሰው ሁሉ ይስባል። ነጯን ገና ከመንካቱ፣ የጋለ ብረት እንደነካ ሰው፣ መምቻ ዘንጉን፣ ስቲኩን፣ ወደ ኋላ ይመነጭቀዋል። ኳሷን በስቲኩ ጫፍ አጥምዶ የሚጎትታት ይመስለዋል። ጨብጦ መመንጨቅ ደግሞ የስቲኩን ጫፍ ያነሳዋል፤ ነጯ ከሥሯ መመታቷ ይቀርና ወገቧን ትመታለች።

መስታወት ቆራጩ አይስብም። ይገፋል። ጣቶቹን ላላ አድርጎ፣ የስቲኩ ጫፍ ነጯ የነበረችበትን ቦታ አልፎ ጨርቁ ላይ እስኪጋደም ድረስ ይሰድደዋል። ይህን ያገኘው በሥራው ነው፤ የመቁረጫውን አልማዝ ጠርዝ ሳይደርስ ያነሳ ሰው መስታወቱ በማይፈልገው በኩል ይሰነጠቅበታል። ያወቀውን ለማንም ትንፍሽ አላለም። መደበቅም አላስፈለገውም፤ ስሙ ራሱ ደብቆለታል። እሱ የሚጨምረው አንዲት ነገር ብቻ ነበረች። ሊመታ ሲያጎነብስ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ነጯን እዩ!» ይላል። ሰው ሁሉ ነጯን ያያል። እጁን የሚያይ የለም።

የከተማው ፑል ቤቶች በየዓመቱ አንድ አንድ ሰው እየላኩ ይጋጠማሉ። ከዚህ ቤት የሚላከው ከጥንት ጀምሮ እሱ ነው። ፎቶው ከባንኮኒው በላይ ተሰቅሏል፤ ከባንኮኒው አጠገብ ያለችው፣ መደገፊያዋ ያልተነቀለ አንዲት ወንበርም የእሱ ናት። ሲገባ የተቀመጠባት ይነሳል። በሱቁ ደንበኞቹ «ቶሎ በል እንጂ» ይሉታል፤ እቤቱ የሚጠብቀው ሰው የለም። ይህ ፑል ቤት ባይኖር መስታወት ቆራጭ ብቻ በሆነ ነበር።

ነገር የመጣበት በእህቱ ባል በኩል ነው።

የእህቱ ባል ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ለስላሳ፣ ቢሰድቡት «እውነትዎን ነው» ብሎ የሚያልፍ ዓይነት ሰው። ፑል የጀመረው ዘግይቶ ነው። ግን እጁ አይንቀጠቀጥ፣ ልቡ አይቸኩል፤ ያየውን ኳስ ያስገባል። መስታወት ቆራጩን ራሱን ሲያሸንፈው ሰው ጉድ ማለት ጀመረ፤ ኋላ ደግሞ ጉድ ማለቱንም ተወ።

አንድ ቀን ባለ ታክሲው፣ የቤቱ አፈኛ፣ ፎቶውን በስቲኩ ጠቆመና «ጋሼ፣ ዘንድሮ እንኳ ቢያርፉስ? ፎቶው ራሱ ሸበተ እኮ!» አለ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መስታወት ቆራጩም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

«ልጁ ይሂድልን» አለ ባለ ታክሲው፣ ፀጉር አስተካካዩን ትከሻውን እየመታ።

«ሳቢ የሌለው ሰው ይላካል እንዴ?» አለ ሌላው። «የሌላው ፑል ቤት ሰዎች ሊስቁብን ነው?»

የፑል ቤቱ ባለቤት ከባንኮኒው ጀርባ ሆና ሹራቧን ትሠራለች። ወፍራም፣ ከተቀመጠችበት የማትነሳ ሴት ናት፤ የተናገረችው ስለማይታጠፍ «ዳኛዋ» ይሏታል። መርፌዋን ሳታቆም «አትጨቃጨቁብኝ» አለች። «የወሩ መጨረሻ እሁድ ሁለቱ አንድ ጨዋታ ይጫወታሉ። ያሸነፈ ይሄዳል። ዘንድሮ በወንበር አይደለም፣ በጠረጴዛ ነው።»

በማግስቱ ፀጉር አስተካካዩ መስታወት ቤቱ ድረስ መጣ። በሩ ላይ ጫማውን አራግፎ ገባ።

«ጋሼ፣ ላስቸግርዎት ነው የመጣሁት።»

«ምነው፣ መስታወት ሰበርክ?»

«ኧረ የለም። ረጅሙን ሳቢ እንዲያሳዩኝ ነው። ሌላው ሌላው ደህና ነው፤ እሷ ላይ ስደርስ ግን ስቲክ ይዞ እንደማያውቅ ሰው ነው የምሆነው።»

መስታወት ቆራጩ አልማዙን አስቀመጠና ቀና ብሎ አየው። ሊደባደቡት የሚሄዱትን ሰው ዱላህን አውሰኝ እንደማለት ነበር።

«የምትገጥመው እኔን አይደለም እንዴ?»

«እሱማ ጨዋታ ነው። እርስዎ ታላቄ ነዎት። ከእርስዎ ሌላ ማንን ልጠይቅ?»

መጀመሪያ ሊያባርረው አሰበ። ኋላ ግን የተሻለ ነገር ታየው፤ በታየው ነገርም ልቡ ሞቀ።

«እሺ» አለ። «ከሰዓት በኋላ፣ ቤቱ ጭር ሲል ና።»

ፀጉር አስተካካዩ መጣ። ፀሐይ በአቧራማው መስኮት ገብታ ጨርቁ ላይ ተኝታ ነበር። ዳኛዋ ሹራቧን ጭኗ ላይ እንደያዘች ታንቀላፋለች። መስታወት ቆራጩ ነጯን እዚህ ጫፍ፣ አንዲት ቀይ ኳስ ማዶ ቀዳዳው አፍ ላይ አስቀመጠ።

«እንዴት ነው የሚመታው ጋሼ?»

«ስሙ ማን ነው?»

«ሳቢ።»

«ታዲያ ምኑን ትጠይቀኛለህ? ሳበዋ።»

ሰውየው አጎንብሶ ሳበ። ቀይዋ ገባች፤ ነጯ ግን ተከትላት ሄዳ የጠርዙን ላስቲክ ሳመች።

«አልሳብክም» አለ መስታወት ቆራጩ። «ከሥሯ ምታ። አሁንም ከሥሯ። እጅህ ሰነፍ ነው።»

ከሥሯ ምታ ማለቱ እውነት ነው። ኳሷ ሩቅ ስትሆን ኃይል ጨምር ማለቱም እውነት ነው። በዚህ ሁሉ ቀን አንድም ውሸት አልነገረውም፤ በዚህም በሆዱ ይኮራ ነበር። «እርስዎ አንዴ ቢመቱና ባይ» ሲለው ደግሞ ደስ እያለው ይመታለት ነበር። «አንተ ማዶ ቁም፤ ነጯ እንዴት እንደምትመለስ ከዚያ ነው የሚታየው። ነጯን እይ!» ይለዋል። ፀጉር አስተካካዩ ማዶ ይቆማል፣ ነጯን ያያል። ትመለሳለች። «ወይ ጉድ!» ብሎ እጁን በአፉ ይጭናል።

እንዲህ እየሆነ ቀኑ ሄደ። ሰውየው ታታሪ ነበረና የእጁ አንጓ አልችል አለ። በመመንጨቅ ብዛት አብጦ እንደ እንጎቻ ድፍን አለ። ያኔ መስታወት ቆራጩ ትምህርቱን ሰው ወዳለበት ሰዓት አዛወረው።

«ኑ እስቲ እዩልኝ» ይላል ወንበሩ ላይ ተደግፎ። «ያስተማርኩትን ያሳያችሁ። በል ዋርሳዬ፣ አሳያቸው።»

ፀጉር አስተካካዩ ያሳያል። ነጯ እንደ ልማዷ ተከትላ ትሄዳለች።

«ይህማ ሳቢ አይደለም፣ ተሳቢ ነው!» ይላል ባለ ታክሲው። ቤቱ ይንጫጫል። መምህሩ ራሱን እየነቀነቀ «ምን ላድርግ፣ ያለኝን ሁሉ ሰጥቼዋለሁ» ይላል። አንጀቱ ቅቤ ይጠጣል። ፀጉር አስተካካዩ አብሮ ይስቅና «የእሳቸው ጥፋት የለበትም» ይላል።

የመስታወት ቆራጩ እህት ልብስ ሰፊ ናት። መርፌ የተሰካበት ሽርጧን ሳታወልቅ አንድ ቀን ሱቁ ድረስ መጣች።

«ትናንት የሰው ጆሮ ቆረጠ» አለች፣ ሳትቀመጥ።

«ማን?»

«ማን ይሆናል? ባሌ ነዋ! መቀሱን መያዝ አቅቶታል። ሰውየው ደሙን በፎጣ ይዞ እየተሳደበ ወጣ። ሌሊት እያቃሰተ ነው የሚያድረው። ካልሆነለት ንገረውና ይተወው። አንተን እሺ ይላል።»

«ያስገደድኩት ሰው የለም። በእግሩ ነው የሚመጣው።»

«በደንብ አሳይተኸዋል?»

«አንዲት ውሸት ነግሬው እንደሆነ ምላሴ ይቆረጥ!» አለ፤ ሲምል ዓይኑን እንኳ አላሸም።

እህቱ አየችው። ያላመነችው ትመስል ነበር፤ ሽርጧን አስተካክላ ወጣች። ማታ እቤቷ ገብታ የባሏን እጅ ከጣቶቹ ሥር እስከ ክርኑ ድረስ በፋሻ ጥፍር አድርጋ ጠመጠመችው።

በማግስቱ ፀጉር አስተካካዩ በፋሻው መጣ። አጎነበሰ። ሊስብ ፈለገ፤ ፋሻው ግን አንጓውን አንቆ ይዞታል። ጣቶቹ መጨበጥ አልቻሉም፣ አንጓው መመንጨቅ አልቻለም። ክንዱ እንዳለ ወደ ፊት ሄደ፤ ስቲኩ ጨርቁ ላይ ተንሸራቶ ተጋደመ። ማዶ ቀይዋ ገባች። ነጯ ለአፍታ ባለችበት እንደ እብድ ስትሽከረከር ቆየችና፣ መጀመሪያ ቀስ፣ ከዚያ ፈጠን ብላ፣ ጠረጴዛውን ሙሉ ተመልሳ ሆዱ ፊት ቆመች።

ዳኛዋ አንቀላፍታለች። ሌላ ሰው የለም።

«ጋሼ! ጋሼ፣ አዩልኝ?»

«አየሁ።»

«ምን አድርጌ ነው? እንደ ሁልጊዜው ነው እኮ የመታሁት!»

ሰውየው ድንጋጤና ደስታ ፊቱን እንደ ልጅ አድርጎት መልስ ይጠብቅ ነበር። አንዲት ቃል ትበቃው ነበር። መስታወት ቆራጩ ወንበሩን፣ ፎቶውን፣ እሁድን አሰበ። ተነስቶ መጣና የእህቱን ባል እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«እስቲ ይህን ነገር ልየው» አለ፣ ፋሻውን ከጫፉ እየፈታ። «በፋሻ የሚጫወት ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

«ኧረ የለም።»

«ታዲያ? እሁድ ሰው ምን ይላል? ካሸነፍክ በፋሻው ነው፣ ከተሸነፍክም በፋሻው ነው ሊሉህ እኮ ነው። ደግሞ ጣቶችህ ጠቁረው የለም እንዴ! ደም አልደርስ ብሏቸዋል።»

ዙር በዙር ፈታው፤ እንዳያመው እየተጠነቀቀ። ጠቅልሎም በአክብሮት መዳፉ ላይ አስቀመጠለት።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።»

«በል አሁን እንደ ልብህ ሳበው።»

ሳበው። ነጯ ተከትላ ሄዳ ቀዳዳ ገባች።

«ቅድም የሆነው ድንገት ነው» አለ መስታወት ቆራጩ። «አንዳንዴ ይሆናል።» ይህም ውሸት አልነበረም።

እሁድ ቤቱ ጢም አለ። እህቱም መጣች፤ ባሏ የሚቀመጥበት አግዳሚ ጫፍ ላይ፣ ራሷ ከጠረጴዛው ጠርዝ እምብዛም ሳይበልጥ ዝቅ ብላ ተቀመጠች። ፋሻውን ይዛ መጥታ ነበር፤ «አይሆንም፣ ጋሼ እንዳሉት ያሳፍራል» ብሎ እንቢ አላት።

ፀጉር አስተካካዩ በዚያ ባበጠ እጁ እንኳ ይመራ ነበር። ሥራውን ቀስ አድርጎ እየሠራ የራሱን ኳሶች አንድ በአንድ አስገባ። የቀረችው አንዲት ናት፤ ከዚያ ጨዋታውን የምትዘጋው ጥቁሯ። ያቺ የቀረችው ማዶ ቀዳዳው አፍ ላይ ቆማለች። ጥቁሯ ግን እዚህኛው ጫፍ ናት፣ ነጯም እዚሁ። ያቺን ማዶ አስገብቶ ለጥቁሯ ወደዚህ ለመመለስ መንገዱ አንድ ብቻ ነው።

«ሳቢ ነው!» አለ ባለ ታክሲው።

«ሳቢ! ሳቢ!» አለ ቤቱ።

ፀጉር አስተካካዩ ጠመኔውን ስቲኩ ጫፍ ላይ አሸ። ዞር ብሎ ታላቁን አየው፤ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው።

«እንደተማርከው» አለ መስታወት ቆራጩ። «አይዞህ። ሳበው።»

አጎነበሰ። ትንፋሹን ዋጠ። መነጨቀው። ሲመነጭቀው ከአፉ ያመለጠችው የሕመም ድምፅ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ለሁሉም ተሰማች። ያቺ ገባች፤ ነጯም ቀጥ ብላ ሄዳ ተከትላት ገባች።

«ወይ ዋርሳዬ» አለ መስታወት ቆራጩ።

ነጯ ቀዳዳ ስለገባች ተራው የእሱ ነው፤ የትም ማስቀመጥ መብቱ ነው። የእሱ ሁለት ኳሶችና ጥቁሯ ቀርተዋል፤ ሁሉም ቀላል። አጠገባቸው አስቀምጦ አንድ በአንድ አስገብቶ መጨረስ ይችል ነበር፤ ሌላ ሰው ቢሆን እንዲያ ነበር የሚያደርገው። እሱ ግን ነጯን ይዞ ዞረና የእህቱ ባል የመታባት ቦታ ላይ፣ እዚያችው ላይ፣ አስቀመጣት። ማዶ ካሉት የራሱ ኳሶች በአንዷ ላይ አነጣጠረ።

«ጋሼ፣ ለምን?» አለ ባለ ታክሲው።

«እንዴት እንደሚሳብ ይማር ብዬ ነዋ!» ሳቁ ፈነዳ። «ነጯን እዩ!»

ሰው ሁሉ ነጯን አየ። እህቱ ግን ዓይኗ ከባሏ እጅ ላይ ነበር፤ ከዚያ እጅ ሲነሳ የወንድሟ እጅ ላይ አረፈ። እጁ አልተመለሰም። ወደ ፊት ሄደ፤ ስቲኩ ተከትሎት ጨርቁ ላይ ረዘመና ተኛ። ነጯ በጭብጨባ መሃል ተመልሳ ስትመጣ እሷ አላየቻትም። ገና ስቲኩን እያየች ነበር።

ጨዋታው አለቀ። ዳኛዋ ሹራቧን ሳታቆም «ጋሼ ይሄዳሉ፣ አለቀ» አለች። ሰው እጁን ሊጨብጠው ተንጋጋ። እህቱ ወደ ባሏ ጆሮ አጎነበሰች።

«አልሳበም» አለችው።

«ምን?»

«አልሳበም። ገፋው።»

ፀጉር አስተካካዩ እጇ ላይ ያለውን ፋሻ አየ። ከዚያ ማንንም ሳያስፈቅድ ተነሳ፤ ነጯን እዚህ፣ ቀይዋን ማዶ አኖረ። የስቲኩን መያዣ መጨበጥ ስላልቻለ ጣቶቹ ላይ ብቻ አሳረፈው። ገፋው።

ነጯ ስትመለስ የነበረው ጫጫታ አንድ በአንድ ጠፋ። መጥታ እዚያችው የተነሳችበት ቦታ ቆመች።

«እንዴ!» አለ ባለ ታክሲው። «ምነው ቅድም? አንተ ሰው፣ ምነው ቅድም!»

መስታወት ቆራጩ ሰማይ የተደፋበት ያህል ደነገጠ፤ ግን ምላሱ ከልቡ ይፈጥናል። «አላልኳችሁም?» አለ ጮክ ብሎ። «ያለኝን ሁሉ ሰጥቼዋለሁ አላልኩም? ዘግይቶ ገባው እንጂ!»

«እውነትም መምህር!» አለ አንዱ። ጥቂቶች አጨበጨቡ፤ ለመምህሩ።

ፀጉር አስተካካዩ ያበጠ እጁን በደህናው ደግፎ አየው። መስታወት ቆራጩ ስድብ ጠበቀ፤ ለስድብ መልስ ነበረው። ለጩኸትም መልስ ነበረው፤ ስሙን እኔ አላወጣሁትም ይል ነበር።

«አዎ ጋሼ» አለ ሰውየው፣ እንደ ሁልጊዜው በለስላሳ ድምፅ። «ገና አሁን ገባኝ።»

ስቲኩን ቦታው ሰቀለ። እህቱ ቦርሳዋን አንስታ፣ ወንድሟን እንዳላየች ሁሉ በአጠገቡ አልፋ፣ ለባሏ በሩን ከፈተችለት። መስታወት ቆራጩ «እህቴ» አለ። በሩ ተዘጋ።

ዞር ሲል ጠረጴዛው ተከብቧል።

«ገፋው ነው ያልከው?»

«በዓይኔ አየሁት። ጨርቁ ላይ አስተኛው።»

«እስቲ አምጣው... አትጨብጠው፣ ላላ አድርገው... ወይኔ! ተመለሰች! አያችሁ? ተመለሰች!»

«አቤት፣ ይህን ሁሉ ዓመት ስንመነጭቅ!»

«ተራዬ ነው፣ ዞር በል!»

አንዱ መታ፤ ተመለሰች። ሌላው መታ፤ ግማሽ መንገድ ተመለሰች። ደገመው፤ ሙሉውን መጣች። መስታወት ቆራጩ ስቲኩን እንደያዘ ከኋላቸው ቆሞ «ቀስ በሉ፣ ጨርቁን እንዳትቀዱ» አለ። የሰማው አልነበረም። ነጯ ትሄዳለች፣ ትመጣለች፤ በማንም እጅ ትሄዳለች፣ ወደ ማንም እጅ ትመጣለች።

ባለ ታክሲው ሊመታ አጎነበሰና ክርኑን ወደ ኋላ ሲያነሳ ከአንድ ነገር ጋር ተጋጨ። ዞር ብሎ አየ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ» አለ። «ትንሽ ጠጋ ይበሉልን፤ ለክርን ቦታ አጣን።»

መስታወት ቆራጩ ጠጋ አለ።